ረጅም ጸጉር፣ ሸክላና ቀረርቶ

በ1960 ዓ.ም. የሞጣና የቢቸና ገበሬ ጠመንጃውን ከሰቀለበት ያወረደው በአንድ አዋጅ ምክንያት ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ፣ ግብሩ ከማሳው በሚገኘው ምርት ልክ እንዲታሰብ ይደነግጋል። ወረቀት ላይ ሲነበብ ለደሃው የሚያደላ ይመስላል። ጎጃም ውስጥ ግን መሬት ርስት ነው፤ ርስት ደግሞ ከአቅኚው አባት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የትውልድ ሐረግ ነው። ገማች ኮሚቴ ማሳ ሊያይ ሲመጣ ለገበሬው የታየው መሬት በገመድ የሚለካው ቀላድ ጣይ ነበር። ቀላድ ከተጣለ ርስት ይፈርሳል፣ ርስት ከፈረሰ ጭሰኛነት ይከተላል፤ በደቡብ የሆነውን ሰምቷል። በዚህ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ሕዝቡን ለዓመታት አስመርሮት ቆይቷል።

ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ተነሱ። ገማቾቹ ተባረሩ። መንግሥት ፖሊስና ጦር ላከ፤ ያም አልበቃ ብሎ የአየር ኃይል አውሮፕላኖች መንደሮችን ደበደቡ። ገበሬው አልተበገረም። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ገዥውን አነሱ፣ አዲሱ ግብር ቀረ፣ የቆየው ውዝፍም ተማረ። ታሪክ ጸሐፊው ገብሩ ታረቀ የሃያኛውን ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ገበሬዎች አመፅ ባጠናበት መጽሐፉ ከትግራይና ከባሌ ጎን ያስቀመጠው ይህንኑ የጎጃም አመፅ ነው።

ያ ዓመት በሌላውም ዓለም ጸጥታ አልነበረውም። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለው፣ የፓሪስ ተማሪዎች ድንጋይ ነቅለው መንገድ የዘጉት፣ የሶቪየት ታንኮች ፕራግ የገቡት በዚሁ በ1960 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1959 ክረምት፣ በሺህ የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ወጣቶች ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሄይት አሽበሪ በተባለው ሰፈር ከትመው ነበር። ጸጉራቸውን አስረዝመዋል፣ በባዶ እግራቸው ይሄዳሉ፣ በጋራ ያበስላሉ፣ የቬትናምን ጦርነት ይቃወማሉ፣ አደንዛዥ ዕፅ ይወስዳሉ። ሂፒ ተባሉ። በዚያው ክረምት በሞንተሬይ በተካሄደው የሙዚቃ ድግስ ጃኒስ ጆፕሊን፣ ኦቲስ ሬዲንግ፣ ከህንድ የመጣው የሲታር ሊቅ ራቪ ሻንካር በአንድ መድረክ ተሰሙ፤ ጂሚ ሄንድሪክስም ጊታሩን በእሳት አነደደ። በነሐሴ 1961 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ ግዛት በአንድ የወተት ላም አርቢ ማሳ ላይ በተደረገው የዉድስቶክ ድግስ 400 ሺህ ያህል ሰው ተሰበሰበ። ሄንድሪክስ ሰኞ ማለዳ መድረክ ላይ ወጥቶ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወት ዜማው መሐል የቦምብ ፉጨትና ፍንዳታ አሰማ።

የሂፒዎቹ ዘመን ጉልበት ሦስት ነገሮችን በአንድ ሰው ላይ ማገናኘቱ ነው፤ አለባበሱ፣ ዘፈኑና እምቢታው አንድ ነበሩ። ጸጉሩን ያስረዘመው ልጅ ጦርነቱን የሚቃወመው ልጅ ነው፤ የሚሰማው ሸክላም ያንኑ ይናገርለታል። በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ሦስቱም ነበሩ። ፋሽኑ ነበር፣ ሙዚቃው ከዓለም የማያንስ ነበር፣ እምቢታውም መንግሥት እስኪገለብጥ ድረስ የበረታ ነበር። ሦስቱ ግን በሦስት መንገድ ሄዱ፤ አንዳንዴም እርስ በርስ ተጋጩ። ይህ ምዕራፍ የሚከተለው ያንን መለያየት ነው።

ከጎጃም መጀመር ይገባል፤ ምክንያቱም ዘፈንና እምቢታ እዚያ ተለያይተው አያውቁም። ጎጃሜ ሲሸፍት ዜማውም አብሮት ይሸፍታል። ቀረርቶና ሽለላ በቋሚ ምት አይታሰሩም። ድምፁ ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል፣ እስትንፋስ እስኪያልቅ ይዘገያል፣ ከዚያ ድንገት በቃላት ናዳ ይወርዳል። ፎካሪው የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀዬ፣ የዋለበትን ውሎ ይጠራል፤ ከበው የቆሙት ዝም ብለው አይሰሙትም፣ እየተቀበሉ ያግሙታል። አዝማሪው ደግሞ በማሲንቆው ጌታውን ሲያወድስ ቆይቶ በአንድ ስንኝ ይወጋዋል። ይህ ኃይል ከጠላት ተሰውሮ አልቀረም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ተጥሎበት የቆሰለው የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ፣ ጠንቋዮችንና አዝማሪዎችን እያሳደዱ እንዲገድሉ ለወታደሮቹ ትእዛዝ ሰጥቷል። ማሲንቆ የያዘን ሰው ጠመንጃ እንደያዘ ሰው የቆጠረ ገዥ ስለ ሙዚቃ ጉልበት ብዙ ተረድቶ ነበር።

ቢቸና የበላይ ዘለቀ ሀገር ናት። በጣሊያን ዘመን ያልተገዛው፣ ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት የተቀጣው አርበኛ ስም በፉከራና በለቅሶ ዜማ ሲዘዋወር ኖሯል። በ1960 የተነሳው ገበሬ የአመፅ ዘፈን ከሬዲዮ መማር አላስፈለገውም፤ ከአባቱ ወርሶታል።

እዚያው አካባቢ አንድ ሌላ ነገር አለ። ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ አገር ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ተምረውበታል፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ይኖራል። የቆሎ ተማሪው ወላጆቹን ትቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ኮሮጆ አንግቶ፣ ከደብር ደብር እየተንከራተተ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለምኖ ይማራል። ከሳር ጎጆ ያድራል፣ ከጓደኞቹ ጋር በጋራ ይበላል፣ ሀብት የለውም። በቅኔው ደግሞ ሹሙን ይነካል፣ ባለጸጋውን ይገሥጻል። የካሊፎርኒያው ወጣት ከሀብታም አባቱ ቤት ወጥቶ በባዶ እግሩ ሲሄድ አባቱ ይደነግጣል፣ ጋዜጣው ይጽፋል። የቢቸና እናት ግን ልጇ ደበሎ ለብሶ ሲሄድ የምታየው የተከበረውን የትምህርት መንገድ ነው። ድህነትን መርጦ መልበስ እዚህ የሊቅ ልብስ እንጂ የአመፀኛ ልብስ አልነበረም፤ ሂፒነት በገጠሩ ጎጃም ሥር የሚሰድበት ባዶ ቦታ አላገኘም። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ተነስቶ ደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት የገባ ልጅ የሚመኘው ጫማ፣ ካልሲና የተተኮሰ ሱሪ ነው። ለእሱ አዲስ ሕይወት ማለት እርሻውን ትቶ መውጣት ነው፤ በዚያው ዘመን የአሜሪካ ሂፒዎች ደግሞ ከተማውን ትተው ወደ እርሻ ይወጡ ነበር።

ፋሽኑና ሸክላው የነበሩት አዲስ አበባ ነው።

የአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ የተወለደው በወታደር ቤት ውስጥ ነው። ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ጦር ሠራዊት የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው፤ ሳክስፎንና ትራምፔቱ የመንግሥት ንብረት፣ ዘፋኙም ደመወዝተኛ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ከክቡር ዘበኛ የወጣ ሲሆን በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ከታሰሩት አንዱ ሆኗል። መዝፈን እንኳ ከጄኔራሎች ጠብ ነጻ አላወጣውም። ሸክላ ማሳተም ደግሞ ለሀገር ፍቅር ማኅበር በብቸኝነት የተሰጠ መብት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው ነጋዴ አምሃ እሸቴ ያንን መብት ጥሶ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፣ የመጀመሪያውን ሸክላም በዓለማየሁ እሸቴ ድምፅ አወጣ። ሊታሰር እንደሚችል ያውቅ ነበር። ሕዝቡ ሸክላውን ተሻማበት፤ አምሃም እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳተመ። ዛሬ ዓለም የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን የሚለው ክምችት አብዛኛው የዚህ ሰው ድፍረት ውጤት ነው፤ ስሙ ከዘፋኞቹ ስም እኩል ቢጠራ ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም።

ዓለማየሁ ራሱ የፖሊስ ኦርኬስትራ ልጅ ነው። የኤልቪስ ፕሪስሊን ፊልሞች እያየ ጸጉሩንና አለባበሱን እንደ እሱ አድርጎ፣ እንደ ጄምስ ብራውን እየጮኸ መድረክ ላይ ሲወጣ ሰዉ ያብዳል። ግርማ በየነ ያቀናብራል፣ ማሕሙድ አሕመድ ያንጎራጉራል። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጦር ሠፈር የራሱ ሬዲዮ ነበረውና ሶሉና ሮኩ በዚያ በኩልም ይገባል። ሙላቱ አስታጥቄ እንግሊዝ አገርና ቦስተን በርክሊ ተምሮ፣ በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1966 ሁለት ሸክላ አውጥቶ፣ በአምስት ድምፅ የሚሠሩትን የኢትዮጵያ ቅኝቶች ከጃዝ ኮርድና ከቫይብራፎን ጋር አገናኝቶ መጣ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በኤሌክትሪክ ኦርጋንና በሚያለቅስ ጊታር ሲሰሙ አድማጩ ባዕድ አልሆነበትም፤ ዜማው ከቤቱ ስለወጣ። አፍሮ ጸጉር፣ ከታች የሰፋ ሱሪ፣ አጭር ቀሚስ የሌሊቱ ክለብ ልብስ ሆኑ።

የእነዚህ ዘፈኖች ቃል ግን በአብዛኛው ፍቅር ነው። ሳንሱር ስለነበረ ግጥሙ በሰምና ወርቅ ይሸፈናል፤ አድማጭም ወርቁን ለመፈለግ የለመደ ነው። ቢሆንም ሙዚቃው በድምፁ ነጻ፣ በቃሉ የተጠነቀቀ ነበር ማለት ይቻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞጣ ያለውን ኮረኮንች መንገድ ተሻግሮ ቦምብ ስለተጣለበት ገበሬ የሚናገር ሸክላ ማሳተም የማይታሰብ ነበር።

እምቢታው ያለው ስድስት ኪሎ ነው፤ እዚያ ግን ፋሽኑ ጠላት ሆነ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ብለው አደባባይ ወጥተዋል። በመጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ሲዘጋጅ ተማሪዎቹ በቁጣ ተቃወሙት። ሕዝብ በሚራብበት ሀገር አጭር ቀሚስ ማሳየት የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው አሉ። ወደ አዳራሹ የሚገቡት ተሰደቡ፣ ተጎሸሙ፤ ፖሊስ ገባ፣ የተማሪ መሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በዚያው ሰሞን በካሊፎርኒያ ያጠረው ቀሚስ የነጻነት ምልክት ነበር። የስድስት ኪሎ ተማሪ ደግሞ የቬትናምን ጦርነት ከሂፒው እኩል እየተቃወመ፣ የሂፒውን ልብስ የዚያው ጦርነት ባለቤት ልብስ አድርጎ አየው። ቁጣው ከድህነት የመነጨ ነበርና ሊናቅ አይገባውም። የቁጣው ዱላ ያረፈው ግን በሴት ተማሪዎች ላይ ነው፤ ይህም በትውልዱ ታሪክ ውስጥ ገና በቅጡ ያልተነገረ በደል ነው።

ተማሪው የተቆጣበት አሜሪካዊ አብዛኛውን ጊዜ በአካል የሚያውቀው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ከ270 በላይ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በአንድ ጊዜ ኢትዮጵያ ገብተው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመድበዋል፤ ደብረ ማርቆስም ደርሰዋል። ወጣቶች ናቸው፣ ከተማሪዎቻቸው በዕድሜ ብዙም አይርቁም። አንዳንዶቹ የመጡበትን አገር ጦርነት ይቃወማሉ።

ከእነዚህ በጎ ፈቃደኞች አንዱ ቻርልስ ሰተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 መጣ፤ ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ ተማረ፣ በአማርኛ መዝፈንም ቻለ። ጌታመሳይ የሚጫወተው በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። ይህን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1963 ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያቋቋመው ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ነው፤ በዓለም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቀደምት ሠሪዎች ከሚቆጠሩት አንዱ። ሐሳቡ በየክልሉ ለየብቻ የኖሩትን መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ማገናኘት ነበር፤ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ ከበሮ። በኋላ መሪነቱን ተስፋዬ ለማ ወሰደ። የአዲስ አበባ ወጣት ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር በሚሮጥበት ሰዓት እነዚህ ሰዎች ወደ ማሲንቆ መመለሳቸው ከጊዜው ጋር የተጻረረ ምርጫ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1969፣ ዉድስቶክ በተደረገበት ዓመት፣ ቡድኑ ከሰተን ጋር አሜሪካ ሄደ። ስሙን ብሉ ናይል ግሩፕ አለ፤ ጎጃምን ጠምጥሞ የሚፈሰውን የወንዙን ስም ይዞ። በኮሌጆች ተጫወተ፤ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርኢትም ቀረበ። ይህ መድረክ ከዚያ አምስት ዓመት በፊት ቢትልስን 73 ሚሊዮን ለሚሆን ተመልካች ያቀረበ ነው። የአሜሪካ ቤተሰብ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ማሲንቆ ሰማ። የሂፒዎቹ ትውልድ የህንድን ሲታር ሲያመልክ የኢትዮጵያ ማሲንቆም በራፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ራቪ ሻንካር ያገኘውን ጆሮ ግን አላገኘም።

ሁሉም በ1967 ዓ.ም. ተቆረጠ። ደርግ የሰዓት እላፊ አወጀ፤ ሌሊት ካልተወጣ ክለብ የለም፣ ክለብ ከሌለ ባንድ የለም። ገደቡ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። አምሃ እሸቴ ተሰደደ፤ ሸክላ ቀርቶ ካሴት መጣ። በዚያው ዓመት ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። የአሜሪካው ወጣት በፍላጎቱ ያደረገውን ወደ መሬት መመለስ ኢትዮጵያዊው በአዋጅ፣ ዩኒፎርም ለብሶ አደረገው። ብዙዎቹ የመሬት ለአራሹ ሕልማቸውን በዓይናቸው አዩ፤ ከዚያ በኋላ በመጣው ደም መፋሰስ አያሌዎቹ አለቁ።

በገዛ ፈቃድ ከኅብረተሰብ ወጥቶ አዲስ ሕይወት የመመሥረት ሐሳብ ግን ከውጭ የመጣ ብቻ አይደለም። ከሞጣ ተነስቶ በሰባራ ድልድይ በኩል ዓባይን የተሻገረ ሰው የሚደርሰው እስቴ ነው። ዙምራ ኑሩ የተወለደው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ከጥቂት ሰዎች ጋር ፎገራ ውስጥ አውራምባን መሠረተ፤ ሴትና ወንድ እኩል የሚሠሩበት፣ ወንዱ እንጀራ የሚጋግርበት፣ ሴቷ የምታርስበት፣ አረጋውያን የሚጦሩበት፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሌለበት ማኅበር። ዙምራ ስለ ሳን ፍራንሲስኮ ያነበበው ነገር አልነበረም፤ ሐሳቡ የመጣው በእናቱ ላይ ሲደርስ ካየው የጉልበት ብዛት ነው። ማኅበሩ በደርግ ጊዜ ተሳድዶ እስከ ቦንጋ ተሰደደ፣ ተመለሰ፣ እየሸመነ አሁንም ይኖራል። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከተመሠረቱት የሂፒዎች መንደሮች አብዛኞቹ በጥቂት ዓመታት ፈርሰዋል።

የተለያዩት ሦስት ነገሮች ዳግም የተገናኙት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከሀገር ውጭ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጲክስ በተባለ ተከታታይ የአምሃን ዘመን ሸክላዎች አሳተመ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. 30ኛው ቅጽ ወጣ። የፊልም ሠሪው ጂም ጃርሙሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ፊልሙ የሙላቱን ዜማ ተጠቀመ። ጎጃም ቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣችው አልበም ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስ ተጫውተዋል፤ ሳንደርስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጆን ኮልትሬን ጋር ሳክስፎንን እስከ ጩኸት ያደረሰ ሰው ነው።

ያንን ጩኸት ግን አዲስ አበባ ውስጥ አስቀድሞ ያገኘው ጌታቸው መኩሪያ ነው። ሽለላውን ከፎካሪው ጉሮሮ አውጥቶ በቴነር ሳክስፎን ነፋው፤ ያለ ቋሚ ምት፣ እስትንፋስ እስኪያልቅ እየጎተተ፣ ድንገት እያንጋጋ። የውጭ ተቺዎች ከአልበርት አይለርና ከኦርኔት ኮልማን ጋር ሲያነጻጽሩት እሱ ከእነሱ ሳይሰማ የደረሰበት መሆኑ ይደንቃቸዋል። ሄንድሪክስ መዝሙርን ወደ ጦርነት ድምፅ ለወጠ፤ ጌታቸው የጦርነትን ድምፅ ወደ ሙዚቃ አመጣ። ሞጣና ቢቸና በ1960 ያሰሙት ቀረርቶ ዘመድ በዚያ ሳክስፎን ውስጥ ይሰማል።

ጌታቸው በ2004 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ሄዶ ዘ ኤክስን ሰማ። ይህ ባንድ በ1979 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ መንግሥትንም የሙዚቃ ንግዱንም ያልተቀበለ፣ የፓንክ ትውልድ ልጅ ነው። አጃቢዎቹ እንዲሆኑ የጠየቃቸው እሱ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ፣ አውሮፓንም አብረው ዞሩ። የሰባ ዓመቱ አዛውንት የአንበሳ ጎፈርና ካባውን አድርጎ ከፊት ይቆማል፤ ከኋላው የተቀደደ የሚመስል የጊታር ድምፅ ያግመዋል፤ ስሙን እንኳ የማያውቅ ወጣት ታዳሚም እየጮኸ ሽለላውን ይቀበለዋል።